ስለ ሐኪምነት ፈተናና ስለ መልመጃ ጥያቄ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፥ ከቀድሞ ተማሪዎች አንዱ የሆነ ሐኪም ያደረገው ንግግር)

የተማሪዎቹ ማኅበር በላከልኝ ደብዳቤ፥ «ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ተማሪ የትኛውን የጥያቄ ስብስብ ቢያጠና ፈተናውን ያልፋል?» ሲል ጠይቆኛል። ጥያቄው አጭር ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ፈተናን ስለ ማለፍ ነው፤ ሁለተኛው ሐኪም ስለ መሆን ነው። እነዚህ ሁለቱ አንድ መንገድ የሚሆኑበት ጊዜ አለ፤ የሚለያዩበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ የሐኪሞች የሙያ ፈቃድ ፈተና ስለ ምን እንደሚሰጥ፥ የመልመጃ ጥያቄም ለዚህ ፈተና ሲዘጋጁ እንዴት እንደሚጠቅምና እንዴት እንደሚጎዳ የሚያስረዳ ይሆናል። የምናገረው ሕክምና ለመማር ለሚያስቡት ብቻ አይደለም፤ በማናቸውም ፈተና ፊት የሚቀርብ ተማሪ ሊጠቀምበት ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ፈተናው ስለ ምን ይሰጣል?

የጀውሃ ገበሬ ወደ ሸዋ ሮቢት ገበያ ሄዶ በሬ ሲገዛ፥ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ጥቂት ያስኬደዋል፤ ጫንቃውንም ይዳስሳል። ካልወደደው ትቶት ወደ ሌላው ይሄዳል። ይኸው ገበሬ ልጁ በንዳድ ሲቃጠልበት ወደ ጤና ጣቢያ ይዞት በሮጠ ጊዜ ግን፥ ነጭ ጋዋን ለብሶ የተቀበለውን ሰው «እስቲ አስቀድሞ ዕውቀትህን አሳየኝ» ብሎ ሊመረምረው አይችልም። ጊዜም የለውም፤ የሚመረምርበትም ዕውቀት የለውም። ልጁን አስረክቦ መጠበቅ ብቻ ነው ዕድሉ። ስለዚህ ገበሬው ሊያደርገው ያልቻለውን ምርመራ መንግሥት በእርሱ ፈንታ አስቀድሞ ያደርግለታል። የሙያ ፈቃድ ፈተና ማለት ይህ ነው። ተፈታኙ ተማሪ ቢሆንም ፈተናው የሚሰጠው ለበሽተኛው ጥቅም ነው።

በአገራችን ይህ ነገር በአንድ ጊዜ የመጣ አይደለም። በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሆኑት ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ፥ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላው ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው ወደ ህንድ አገር ተወስደው፥ በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቁ። እሳቸው ለሐኪምነት መብቃታቸውን የመሰከሩላቸው የባዕድ አገር ፈታኞች ነበሩ፤ በአገራቸው እሳቸውን ሊፈትን የሚችል ትምህርት ቤት አልነበረምና። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አልፎ፥ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን በአንድነት እያሠለጠነ ወደየገጠሩ መላክ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ። ዛሬ የሕክምና ትምህርት ለመማር ከይፋት ቆላ የሚነሣ ልጅ ሩቅ መሄድ ግድ አይሆንበትም፤ ጣርማ በርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ሲደርስ፥ በስመ ጥሩው የቀዶ ጥገና ሐኪም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመውን የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ ያገኛል።

የሕክምና ትምህርት ቤቶች በቍጥር እየበዙ ሲሄዱ ግን፥ ከየትምህርት ቤቱ የሚወጣው ተመራቂ ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘኑ አስፈላጊ ሆነ። ስለዚህ የጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለጤና ባለሙያዎች አገር አቀፍ የሙያ ፈቃድ ፈተና መስጠት ጀመረ። ሐኪም የሚሆነው ተማሪ የስድስት ዓመትና ከዚያም የበለጠ ትምህርቱን፥ የሆስፒታል ልምምዱንም ጨምሮ፥ ከፈጸመ በኋላ ስለ ውስጥ ደዌ፣ ስለ ቀዶ ጥገና፣ ስለ ሕፃናት ሕክምና፣ ስለ ማሕፀንና ጽንስ ሕክምና፣ ስለ ኅብረተሰብ ጤናም ይጠየቃል። ጥያቄዎቹ መልሱ ከአማራጮች መካከል የሚመረጥባቸው ናቸው። ተማሪው ወደ መልመጃ ጥያቄ የሚሮጠውም ስለዚህ ነው።

የመልመጃ ጥያቄ ጥቅም

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ይህ ተረት ለተማሪም የተነገረ ይመስለኛል። መጽሐፉን ከፍቶ ሦስት ጊዜ አራት ጊዜ የሚያነብ ተማሪ፥ ቃሉ ስለ ተለመደው ያወቀው ይመስለዋል። ዐይኑ ገጹን ያውቀዋል፤ ልቡ ግን ነገሩን አላወቀውም። አለማወቁ ተደብቆበታል ማለት ነው። መጽሐፉን ዘግቶ አንድ ጥያቄ ሲጠየቅ ግን የተደበቀው ይወጣል። ስለዚህ መልመጃ ጥያቄ ለተማሪ እንደ ሐኪም ምርመራ ነው፤ የጎደለውን ያሳየዋል።

ይህ ነገር በአገራችን አዲስ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት የሚማረው ልጅ፥ ማታ በጨለማ መጽሐፍ ሳይዝ በመምህሩ ፊት በቃሉ ይለዋል፤ ሲሳሳት መምህሩ ያርመዋል፤ ሳያስተካክልም ወደሚቀጥለው አያልፍም። በቁርአን ቤትም በእንጨት ሉሕ ላይ ትምህርቱ የተጻፈለት ልጅ፥ በቃሉ አድርሶ ለመምህሩ ካላሰማ ሉሑ ታጥቦ አዲስ ትምህርት አይጻፍለትም። በይፋት ቆላ ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን የኖሩ ስለ ሆነ፥ እዚህ ከተቀመጣችሁት ወላጆች ብዙዎቻችሁ በአንዱ ወይም በሌላው አልፋችኋል። ሁለቱም የያዙት ሥርዐት አንድ ነው፤ ልጁ የተማረውን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከልቡ አውጥቶ እንዲያሳይ ያደርጉታል።

የዘመኑ ምርምርም ይህንኑ ያረጋግጣል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፥ ለአንደኛው የተማሪዎች ክፍል አንድ ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ እንዲያነብ ሰጡት። ሌላው ክፍል ግን ጽሑፉን በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ፥ በሦስቱ ክፍለ ጊዜ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን እንዲጽፍ አደረጉት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ፥ ደጋግመው ያነበቡት 83 በመቶውን፣ ራሳቸውን የፈተኑት 71 በመቶውን አስታወሱ። እዚህ ላይ አንባቢዎቹ የበለጡ መሰሉ። ከአንድ ሳምንት በኋላ በተጠየቁ ጊዜ ግን፥ ደጋግመው ካነበቡት ጋር የቀረው 40 በመቶ ብቻ ሲሆን፥ ራሳቸውን ከፈተኑት ጋር 61 በመቶው ተገኘ። እንግዲህ በፈተናው ዋዜማ ሌሊቱን ሲያነብ አድሮ «ሁሉንም ዐወቅሁት» የሚለው ተማሪ፥ ያ ዕውቀት ለምን ያህል ቀን እንደሚቆይለት ከዚህ ሊረዳ ይችላል። ሐኪም ደግሞ የተማረው ነገር የሚያስፈልገው ከሳምንት በኋላ ብቻ ሳይሆን ከሃያ ዓመትም በኋላ ነው።

አንድ ጥያቄ እንዴት ይጠናል?

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጽላችሁ፥ ለዚሁ ንግግር ብዬ ያዘጋጀሁትን አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ።

«አራት ዓመት የሆነው ሕፃን ሦስት ቀን ሙሉ ትኩሳት ይዞት ከጀውሃ ወደ ጤና ጣቢያ መጣ። ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ አንዘፍዝፎታል፤ ውሃ ሊጠጣ አይችልም፤ የሰጡትን ሁሉ ያስመልሳል፤ ሲጠሩትም በደንብ አይነቃም። ደሙ ሲመረመር ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ ተገኘበት። ለወባው መሰጠት ያለበት ሕክምና የትኛው ነው?

ሀ/ የኮአርተም እንክብል ሰጥቶ ወደ ቤቱ መመለስ፤
ለ/ አርቴሱኔት በመርፌ መስጠት፤
ሐ/ ክሎሮኪን ሰጥቶ እስከ ነገ መጠበቅ፤
መ/ ትኩሳት ማብረጃ ብቻ ሰጥቶ ማቆየት።»

መልሱ ለ ነው። ሰነፉ ተማሪ «ለ» ብሎ ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ይህ ተማሪ አንድ ፊደል ተማረ እንጂ ሕክምና አልተማረም። ትጉው ተማሪ ግን በዚያው ላይ ቆሞ እንዲህ እያለ ራሱን ይጠይቃል።

ለምን ለ ሆነ? ሕፃኑ መንዘፍዘፉ፣ መጠጣት አለመቻሉና ራሱን መሳቱ ወባው የጠና መሆኑን ያሳያሉ። የሚያስመልስ ሕፃን የዋጠው እንክብል በሆዱ አይቆይም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ በመርፌ መግባት አለበት። ሀ ለምን ስሕተት ሆነ? ኮአርተም መልካም መድኃኒት ነው፤ ግን ለዚህ ሕፃን በዚህ ሰዓት አይደለም። ሕፃኑ ነቅቶ የሚጠጣና የሚበላ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ኮአርተም ይሆን ነበር። እንግዲህ ሁለት መስመር ሲለወጥ መልሱም ተለወጠ።

ከዚያም ይቀጥላል። ለሚያንዘፈዝፈው ሕፃን ሌላ ምን ልመርምር? የጠና ወባ የደም ስኳርን ሊያወርድ ስለሚችል ስኳሩ ይለካል፤ ዝቅ ብሎ ከተገኘም ወዲያው ይታከማል። ወባ ስለ ተገኘበት ሌላ በሽታ የለበትም ማለት ይቻላልን? አይቻልም፤ ወባ በሚበዛበት ቆላ ደሙ ውስጥ ተውሳክ ያለበት ሕፃን የማጅራት ገትር በሽታም ሊይዘው ስለሚችል፥ ሐኪሙ ይህንንም ማሰብ አለበት። ሕፃኑ የመጣው መርፌ ወደማይሰጥበት ጤና ኬላ ቢሆንስ? ዕድሜው ከስድስት ዓመት በታች ስለ ሆነ በፊንጢጣ የሚገባ አርቴሱኔት ተሰጥቶት ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መላክ ይገባዋል። የተገኘው ተውሳክ ቫይቫክስ ቢሆንና በሽታው ያልጠና ቢሆንስ? ያ ተውሳክ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ከወራት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል፥ ክሎሮኪን ብቻ ሰጥቶ ማሰናበት አይበቃም፤ የተደበቀውን የሚያጠፋው ፕሪማኪን ያስፈልጋል። ፕሪማኪን ደግሞ በተፈጥሮ አንድ ኤንዛይም የጎደላቸውን ሰዎች ደም ሊጎዳ ስለሚችል ጥንቃቄ ይጠይቃል።

አያችሁ፥ አንዱ ጥያቄ ስድስት ሰባት ሆነ። በዚህ ዓይነት በቀን ሃያ ጥያቄ ያጠና ተማሪ፥ መቶ ጥያቄ ምልክት እያደረገ ካለፈው ይልቅ ብዙ ያውቃል።

አማራጭ ሐ ደግሞ የተለየ ትምህርት አለው። ክሎሮኪን በአንድ ዘመን ለፋልሲፓረም ወባም ትክክለኛ መልስ ነበር። ተውሳኩ መድኃኒቱን እየለመደ ስለ ሄደ፥ አገራችን እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ፋንሲዳር፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ወደ ኮአርተም ለወጠችው። እንግዲህ ከታላቅ ወንድሙ ወይም ከጓደኛው ያገኘውን አሮጌ የጥያቄ ወረቀት ከነመልሱ የሸመደደ ተማሪ፥ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ሸምድዶ ሊሆን ይችላል። የመልስ ወረቀትም እንደ መድኃኒት ጊዜው ያልፍበታል።

ስለ አጠናኑ ጥቂት ምክር

1ኛ/ ከትምህርቱ በፊት ጥያቄውን አታስቀድሙ። መጽሐፉን አንድ ጊዜ በማስተዋል ያላነበበ ሰው በጥያቄ ቢጀምር የሚያገኘው ግምት ብቻ ነው።

2ኛ/ መልሱን ሳታዩ አስቀድማችሁ የራሳችሁን መልስ ምክንያቱን ጨምራችሁ ጻፉ። መልሱን በጣት ሸፍኖ ትንሽ ገለጥ እያደረጉ ማየት ራስን ማታለል ነው።

3ኛ/ የስሕተት ደብተር ይኑራችሁ። የተሳሳታችሁትን ጥያቄ፣ የተሳሳታችሁበትንም ምክንያት ጻፉ። ምክንያቱ አለማወቅ ነውን? ወይስ ጥያቄውን በችኮላ ማንበብ? ወይስ ሁለት ነገር ማምታታት? ለእያንዳንዱ መድኃኒቱ የተለያየ ነው።

4ኛ/ የተሳሳታችሁትን በማግስቱ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወርም በኋላ እንደገና ሞክሩት። ሦስት ጊዜ በትክክል የመለሳችሁትን ልትተዉት ትችላላችሁ። የምትወዱትን ትምህርት ጥያቄ ብቻ እየደጋገሙ ደስ መሰኘት ግን ጊዜ ማባከን ነው።

5ኛ/ በሳምንት አንድ ቀን ሰዓት ይዛችሁ፥ ሳትነሡና ሳትነጋገሩ፥ እንደ እውነተኛው ፈተና ተፈተኑ። ልብ የሚደነግጠው በማያውቀው ነገር ነው።

6ኛ/ ከሦስት ወይም ከአራት ጓደኞች ጋር ሆናችሁ ጥያቄ አውጡ። ጥያቄ መመለስ መልካም ነው፤ ጥያቄ ማውጣት ግን ይበልጣል፤ ሦስት አሳሳች አማራጭ ለመጻፍ ነገሩን በደንብ ማወቅ ያስፈልጋልና።

7ኛ/ በሆስፒታል ልምምድ ጊዜ ያያችሁትን በሽተኛ ከጥያቄው ጋር አገናኙት። በዐይን የታየ በሽታ ቶሎ አይረሳም። ደግሞም በሽተኛው አራት አማራጭ ይዞ አይመጣም፤ «ሆዴን አመመኝ» ብሎ ብቻ ይመጣል። አማራጩን ማውጣት የሐኪሙ ሥራ ነው።

ስለ ተሰረቀ መልስ

አሁን የማልወደውን ነገር ግን ልዘለው የማይገባኝን እናገራለሁ። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ወር የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በመገኘቱ ፈተናው ተሰርዞ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ በሐቅ ያጠናው ልጅ ሁሉ ከሌባው ጋር አብሮ ተጉላላ። ኩረጃንና ስርቆትን ለመከላከል ሲባል በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ሆነ። ያን ጊዜ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ይህም ከመቶ 3.3 ያህል ነው። ይህን ቍጥር የምጠቅሰው ተማሪውን ለመውቀስ አይደለም፤ የመምህር፣ የመጽሐፍና የቤተ ሙከራ ጉድለት በብዙ ቦታ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። የምጠቅሰው ጉድለታችን ለብዙ ዓመት ተደብቆብን እንደ ነበረ ስለሚያሳይ ነው። በሽታው መታወቁ ያሳዝናል፤ ተደብቆ መቆየቱ ግን ይበልጥ ያሳዝናል።

በሌላው ሙያ የተሰረቀ መልስ የሚያመጣው ጉዳት ዘግይቶ ይታይ ይሆናል። በሕክምና ግን አይዘገይም። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል የራቀች ናት። ምጥ የጠናባትን እናት ወይም ራሱን የሳተውን ሕፃን ይዞ የጣርማ በርን ዳገት ለመውጣት ሰዓቶች ያስፈልጋሉ። በእነዚያ ሰዓቶች ውስጥ የበሽተኛው ሕይወት ያለው እዚሁ በተገኘው ሐኪም፣ ነርስ ወይም አዋላጅ እጅ ነው። ከጎኑ የሚጠይቀው ሰው በሌለበት በዚያ ሌሊት፥ የሸመደደው «ሀ» እና «ለ» ምንም አይረዳውም። እናንተ ሐኪም ሆናችሁ ተመልሳችሁ ስትመጡ የምታክሙት የገዛ እናታችሁን፣ የጎረቤታችሁን ልጅና ዛሬ እዚህ የተቀመጡትን መምህሮቻችሁን መሆኑን አስቡ።

ለመምህራንና ለወላጆች

የተከበራችሁ መምህራን፤ ልጁ የመልመጃ ጥያቄን መልካም አጠቃቀም የሚለምደው በሕክምና ትምህርት ቤት ሳይሆን እዚህ በናንተ እጅ ነው። በየሳምንቱ አምስት አጫጭር ጥያቄ፥ ማርክ የማይያዝበት፥ በማግስቱ ግን ከነምክንያቱ የሚታረም ብትሰጡ፥ ልጁ ፈተናን እንደ ቅጣት ማየቱን ይተዋል። «ትክክል» እና «ስሕተት» ብቻ ከመጻፍ ይልቅ «ለምን?» የሚለውን ቃል በደብተሩ ጠርዝ ላይ ጻፉለት። ፈተናውም ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ ነገሩን በአማርኛ ተረድቶ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ማንበብ የሚሳነው ልጅ ብዙ ነው፤ ይህንንም በጥያቄ ልታዩለት ትችላላችሁ።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ የሽንኩርቱና የማሾው ሥራ እጅ እንደሚፈልግ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ለልጃችሁ በቀን ሁለት ሰዓት ትርፍ ጊዜ ስጡት። በተለይ ለሴት ልጃችሁ ስጡ፤ ወንድሟ መጽሐፍ ይዞ ሲቀመጥ እሷ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ሰብራና ወጥ ሠርታ ከጨረሰች በኋላ በድካም ዐይኗ እየተከደነ ብታነብ፥ ሁለቱ በአንድ ፈተና ቢፈተኑም በአንድ መንገድ አልተዘጋጁም። በምጥ ጊዜ ሴት ሐኪም ብትኖረን እያላችሁ የምትመኙ እናቶች ይህችን ሐኪም ከቤታችሁ መጀመር ትችላላችሁ። ማታ ማታም ልጆቻችሁን «ዛሬ ምን ተማርህ? ምንስ ተማርሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፊደል የማታውቁም ብትሆኑ ልጁ ሲያስረዳችሁ ዕውቀቱ ይጸናለታል። ልጃችሁ በመልመጃ ፈተና ዝቅተኛ ማርክ ሲያመጣም አትቆጡት፤ ብትቆጡት ወረቀቱን መደበቅ ይጀምራል፤ የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም።

ውድ ተማሪዎች፤ በደብዳቤያችሁ ለጠየቃችሁኝ ጥያቄ አሁን በአጭሩ ልመልስ። የትኛውም የጥያቄ ስብስብ ብቻውን ሐኪም አያደርጋችሁም። በእጃችሁ ያለው አንድ መቶ ጥያቄ ግን፥ እያንዳንዱን «ለምን?» እና «ቢሆንስ?» እያላችሁ ብትመረምሩት፥ የጎደላችሁን እያሳየ ወደ መጽሐፉ፣ ወደ መምህሩና በኋላም ወደ በሽተኛው አልጋ ይመልሳችኋል። የሙያ ፈቃዱን ፈተና የሚያሳልፋችሁም፥ ከፈተናው በኋላ ያለውን ሥራ የሚያሠራችሁም ይኸው ልማድ ነው።

ትምህርት ቤታችን ብዙ ዓመት እንዲኖር፥ ከዚህ ወጥተው ወገናቸውን የሚያክሙ ልጆችም እንዲበዙልን እየተመኘሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።